ታንክስጊቪንግ ከየት መጣ? እኛስ ጅማ ላይ ለመከሩ የምናመሰግነው መቼ ነው?

የማና ልጅ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁም። እንዴት ሰነበታችሁ?

ትናንት ማታ አሜሪካ ያለችው እህቴ ደወለች። የፊታችን ሐሙስ «ታንክስጊቪንግ» የሚሉት የምስጋና በዓላቸው ነው። እሷ ሥራ አትገባም፣ ልጆቹም ትምህርት የላቸውም። ተርኪውን (ለበዓሉ የሚጠበሰውን ዶሮ መሳይ ትልቅ ወፍ) ገዝታ አስገብታለች። አጠገቡ ዶሮ ወጥ ሳይኖር አይሆንም ብላ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር የምታወራኝ። በመሃል የዘጠኝ ዓመት ልጇ ስልኩን ተቀበላትና «አክስቴ፣ እናንተ ጋ ታንክስጊቪንግ መቼ ነው?» አለኝ።

«መስቀል አለን፣ ኢሬቻ አለን» አልኩት። አልረካም። «ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅስ ምን ታደርጋላችሁ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው እንደከነከነኝ ነው።

እኔ የምኖረው ጅማ ከተማ ነው፤ የቤተሰባችን ማሳ ግን ማና ወረዳ ነው። አሁን ለቀማው ደርቷል። ዛሬም ውዬ የመጣሁት እዚያው ነው፤ ጣቶቼ ገና በእሸት ቡናው ጭማቂ እንደተጣበቁ ናቸው።

አያታችን (እኛ «አኮ» ነበር የምንላት) በሕይወት ሳለች የመጀመሪያዋ ቅርጫት አትሸጥም ነበር። ለብቻዋ ፀሐይ ላይ ትሰጣለች። ስትደርቅ አኮ ቡና ቀላ ትሠራባታለች። ጀንፈሉን (ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና) አንድ በአንድ እያነሣች ጫፉን በጥርሷ ንክስ ታደርጋለች። ከዚያ በሸክላ ድስት ቅቤ አቅልጣ ትጨምረዋለች። ሲግል ጧ፣ ጧ ይላል። ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እሷ ትመርቃለች፣ እኛ አሜን እንላለን። በመጨረሻ ጣቷን ቅቤው ውስጥ ነክራ ግንባራችንን ትቀባናለች። የቀረውን በስኒ በስኒ አድርጋ ለጎረቤት ትልካለች። አድራሿ እኔ ነበርኩ። ስኒው እንዳይፈስብኝ እግሬን እያየሁ ነበር የምሄደው።

አኮ ካረፈች በኋላ ይሄ ነገር ቤታችን ውስጥ ቀረ። ማንም ይቅር አላለም፤ ዝም ብሎ ቀረ።

እስቲ የምታውቁትን ንገሩኝ። ታንክስጊቪንግ ከየት መጣ? በእኛ በኩልስ ለመከር የሚመሰገንበት ቀን አለ? ለልጁ ደህና መልስ ልሰጠው እፈልጋለሁ።

አዌቱ ዳር | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 3፡40

የማና ልጅ፣ ጥሩ ነገር አነሣሽ። ታሪክ አስተምራለሁና የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1620 ሜይፍላወር የምትባል መርከብ 102 ተሳፋሪዎች ይዛ ከእንግሊዝ ተነሣች። ሰዎቹ ዛሬ ማሳቹሴትስ በሚባለው ግዛት፣ ፕሊመዝ ላይ ሰፈሩ። የደረሱት ብርዱ ሊገባ ሲል ነው። የዘሩት የለም፣ ያጨዱት የለም። ጸደይ እስኪመጣ ግማሽ ያህሉ አለቁ።

የሰፈሩበት ቦታ ባዶ ሆኖ የጠበቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ፓቱክሰት የሚባል፣ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ነበር። ከ1616 እስከ 1619 ድረስ ከባሕር ማዶ በመጡ ሰዎች የገባ ወረርሽኝ ነዋሪውን ጨርሶታል። ከዚያ መንደር የተረፈ ቲስኳንተም የሚባል ሰው አለ፤ እንግሊዞቹ ስኳንቶ ይሉታል። የተረፈው በ1614 አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ አፍኖ ለባርነት ወደ ስፔን ስለወሰደው ነው። ከዚያ አምልጦ እንግሊዝ ቆየ፤ ቋንቋውንም ተማረ። አገሩ ሲመለስ መንደሩ የለም፤ ወገኖቹ አልቀዋል።

በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ ለሰፋሪዎቹ ያሳያቸው ይህ ሰው ነው። ዘሩን ስትቀብሩ ዓሣ አብራችሁ ቅበሩ አላቸው። ዓሣው ማዳበሪያ ይሆናል። ወገኖቹ ባለቁበት መሬት ላይ ቆሞ እንግዶቹን እርሻ ማስተማር! ይሄን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ዝም ይላል።

በ1621 በቆሎው ሠመረ። ገብሱ ደህና ነበር፣ አተሩ ግን ለመሰብሰብም አልበቃ። ይህን የምናውቀው ከመካከላቸው ኤድዋርድ ዊንዝሎው የሚባለው በዚያው ዓመት ከጻፈው ደብዳቤ ነው። አራት ሰዎች ወጥተው ወፍ አድነው መጡ። የዋምፓኖአጉ መሪ ማሳሶይትም 90 ያህል ሰዎች ይዞ መጣ። እነሱም አምስት አጋዘን አድነው አመጡ። ሦስት ቀን አብረው በሉ።

ከእንግሊዞቹ በሕይወት የነበሩት 50 ያህል ናቸው። ስለዚህ በዚያ ማዕድ ላይ ባላገሮቹ ከእንግዶቹ ይበዙ ነበር። አምስት አጋዘን ደግሞ ቀላል ሥጋ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ድግስ ራሳቸው ታንክስጊቪንግ አላሉትም። ለእነሱ የምስጋና ቀን የጸሎት ቀን ነው። ፕሊመዝ ላይ በዚያ ስም የተጠራ ቀን የዋለው በ1623 ነው። ዝናብ ጠፍቶ ሰብሉ ሊደርቅ ሲል ጾመው ጸለዩ። ዝናቡ መጣ። ከዚያ የምስጋና ቀን አወጁ።

ሲንቄ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 4፡05

አዌቱ ዳር፣ የመጨረሻዋን ነገር አላውቅም ነበር። ለዝናብ ማመስገን! እሱስ የእኛ ነገር ነው።

የማና ልጅ፣ እህቴ፣ ኢሬቻን ለልጁ ስትነግሪው «የኦሮሞ ታንክስጊቪንግ» ብለሽ እንዳትነግሪው እለምንሻለሁ። ብዙ ሰው እንደዚያ ይለዋል። ለፈረንጅ ማስረዳት ይቀላል፤ ግን ትልቁን ነገር ይደብቀዋል።

በመስከረም መጨረሻ ማሳው ላይ ምን አለ? ጤፉ አልታጨደም። ማሽላው እሸት እንኳ አልሆነም። የእናንተ የማና ቡና አረንጓዴ ነው። ጎተራው ባዶ ነው፣ እንዲያውም የዓመቱ ጭንቅ ጊዜ ነው። ታዲያ ለምን ይመሰገናል? ክረምቱ ስላለፈ ነው። ወንዙ ሞልቶ ወዲህና ወዲያ ማዶ ተቆራርጦ የከረመ ዘመድ ስለተገናኘ ነው። ከጭጋጉ ወደ ብራው ስለተሻገርን ነው። ምስጋናው እጅ ከመሙላቱ በፊት ይቀድማል።

ኢሬቻ ሁለት ነው። መስከረም ላይ በውኃ ዳር የሚደረገው ኢሬቻ መልካ ነው። ሌላው የበጋው ማብቂያ ላይ፣ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት በተራራ ላይ የሚደረገው ኢሬቻ ቱሉ ነው። እዚያ የሚለመነው ዝናብና ሰላም ነው። ትልቁ መልካ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ ላይ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ይከበራል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዋዜማው ቅዳሜ አዲስ አበባ ላይ ሆራ ፊንፊኔ አለ።

እኔ ሦስት ጊዜ ቢሾፍቱ ሄጃለሁ። ከጅማ ሌሊት ነው የምንነሣው። ሲንቄ የሚባለውን በትር የያዙ እናቶች ከፊት ይሆናሉ፣ እኛ ከኋላ። እርጥብ ሣርና አደይ አበባ እንይዛለን። ሣሩን ውኃው ውስጥ ነክረሽ ትረጪዋለሽ። ሣሩ ጨቆርሳ ይባላል። ሰቃ ጨቆርሳ የሚለውን የወረዳ ስም በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ እርጥብ ሣር ነው። ባዶ እጅ አይኬድም። ግን የሚያዘውም ገንዘብ ወይም በግ አይደለም፤ ሣር ነው። ድሃም ሀብታምም እኩል የሚያገኘው ነገር ነው።

በረዶ አገር | ኅዳር 15፣ ከንጋቱ 12፡30

ከሚኒሶታ ነው የምጽፈው። ተወልጄ ያደግኩት ጅማ ነው፣ ፈረንጅ አራዳ። ነርስ ነኝ።

የሐበሻው ታንክስጊቪንግ እህትሽ እንደነገረችሽ ነው። ተርኪው መሃል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው የሚሻማው ግን ዶሮ ወጡን ነው። አንዳንዱ ተርኪውን በበርበሬና በቅቤ ያሸዋል። የጾመ ነቢያት ጿሚ ደግሞ ሽሮና ጎመን ይዞ ይመጣል፤ በዓሉ ብዙውን ጊዜ ጾሙ ላይ ነው የሚውለው። ብቻውን የሚኖር ሰው በዚያ ቀን እንዳይቀር እንደዋወላለን። ይህን እወደዋለሁ።

አንዲት የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ የኦጂብዌ ተወላጅ ናት። ከባላገሮቹ ሕዝቦች ማለት ነው። መጀመሪያ ዓመት ላይ «መልካም ታንክስጊቪንግ» አልኳት። አልተቆጣችም። «የእኛ ቤት በዚያ ቀን አያት ይታሰባል» አለችኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ፕሊመዝ ላይ ከ1970 ጀምሮ በዚያው ሐሙስ ተሰብስበው የሐዘን ቀን አድርገው የሚያስቡት አሉ። አንዱ በሚደሰትበት ሰዓት ሌላው ያለቅሳል፣ እዚያው ከተማ ላይ።

ከዚያ ወዲህ በበዓሉ ቀን የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ አልነጫነጭም። እሷ ጋ ደውዬ ድምፅዋን እሰማለሁ።

አዌቱ ዳር | ኅዳር 15፣ ጠዋት 2፡15

በረዶ አገር፣ እግዜር ይስጥሽ። ለልጁ የሚነገረው ታሪክ ይህ ካልገባበት ጎደሎ ነው። ማሳሶይት እስኪሞት ሰላሙን ጠበቀ። ልጁ ሜታኮም ግን መሬቱ እያለቀ ሲሄድ በ1675 ጦርነት ገባ። በ1676 ተገደለ። ጭንቅላቱን ቆርጠው እዚያው ፕሊመዝ ላይ በእንጨት ሰክተው ለዓመታት አቆሙት። አባትየው ሦስት ቀን የበላበት ቦታ ነው።

በዓሉ ብሔራዊ የሆነበትን በአጭሩ። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 አንድ የምስጋና ቀን አውጆ ነበር፤ ግን በየዓመቱ አልቀጠለም። ሳራ ሄል የምትባል የመጽሔት አዘጋጅ ለአሥርት ዓመታት ስትወተውት ኖረች። ለፕሬዚዳንቶችም ለአገረ ገዢዎችም ደብዳቤ ትጽፋለች። በመጨረሻ ሊንከን በ1863፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ መሃል፣ የኅዳር ወር የመጨረሻው ሐሙስ ይሁን አለ። በ1941 በሕግ አራተኛው ሐሙስ ተባለ። ካናዳዎች ቀድመው፣ በጥቅምት ሁለተኛው ሰኞ ያከብሩታል። ብርዱ እነሱ ጋ ቶሎ ስለሚገባ መከሩም ይቀድማል።

ቦሳ ኪቶ | ኅዳር 15፣ ጠዋት 4፡00

ሰላም ወገኖች። የግብርና ባለሙያ ነኝ። ስለ በቆሎው ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዋምፓኖአጎችና ሌሎች የዚያ አገር ሕዝቦች በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ አንድ ላይ ነው የሚዘሩት። «ሦስቱ እህትማማቾች» ይባላሉ። ቦሎቄው የበቆሎውን አገዳ ይዞ ይወጣል። መሬቱን በናይትሮጅን ያለማዋል። የዱባው ሰፊ ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ እርጥበት ያቆያል፣ አረም ያፍናል።

አሁን ጅማ ዙሪያ ማንም ገበሬ ጓሮ ግቡ። በቆሎ አለ፣ ሥሩ ቦሎቄ ይጠመጠማል፣ ዱባው መሬት ለመሬት ይሄዳል። ሦስቱም ሰብሎች የመጡት ከአሜሪካ ምድር ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚያበላን እሸት በቆሎ የዚያ ምድር ሕዝቦች እጅ ሥራ ነው። እኛም ሳናውቀው ባለዕዳ ነን። ለልጁ ይህን ንገሪው። ያስደስተዋል።

የጎማው አዛውንት | ኅዳር 15፣ ከቀኑ 9፡20

ልጆቼ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። የልጅ ልጄ ናት ይህን እያነበበች የምታሰማኝ፤ የምላትንም ትጽፍልኛለች።

እኛ ጋ ለመከር የተለየ በዓል የለም። ሐቅ ግን አለ። ቁርአን በሱረቱል አንዓም፣ አንቀጽ 141 ላይ ከፍሬው ብሉ፣ በሚሰበሰብበት ቀንም ሐቁን ስጡ ይላል። በሚሰበሰብበት ቀን! ነገ ወይም ሲሸጥ አላለም።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ዝናብ ያጠጣው ሰብል ከሆነ ከአሥር አንድ። ሰው ደክሞ በመስኖ ያጠጣው ከሆነ የዚያ ግማሽ፣ ከሃያ አንድ። የድካሙ ዋጋ ታስቦለታል። ግዴታ የሚሆነውም ምርቱ አምስት ወስቅ ሲሞላ ነው። በዛሬ ሚዛን ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ ይመጣል። ከዚያ በታች ያገኘ ሰው የለበትም። በቆሎና ማሽላ ላይ እንዲህ ነው። ቡና ላይ መዝሀቦቹ (የሃይማኖት ሕጉ መንገዶች) ይለያያሉ። እንደ እህል የሚያዩት አሉ፤ ተሸጦ ገንዘብ ሲሆን እንደ ንግድ ዕቃ ከአርባ አንድ የሚሉም አሉ። በዚህ ላይ እያንዳንዱ የራሱን ዓሊም ይጠይቅ።

አባቴ አውድማ ላይ ሲሰፍር አጠገቡ ነበርኩ። ቢስሚላህ ብሎ ይጀምራል። ዘጠኝ ቁና ወደ ስልቻው፣ አሥረኛውን መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበት ላይ። እንደገና ዘጠኝ፣ እንደገና አንድ። ቁርበቱ ላይ ያለው ክምር እያደገ ሲሄድ ዓይኔ እሱ ላይ ይተከላል። አንድ ዓመት፣ ምርቱ ቀጭን የነበረበት ዓመት፣ «ቤት ከገባ በኋላ ብንሰጥስ?» አልኩት። «ጎተራ የገባ እህል እጅ ይይዛል» አለኝ። ድሆቹ እዚያው አውድማው ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ስሞ ነው የሚሰጣቸው። «ስለተቀበላችሁኝ አላህ ይስጣችሁ» ይላቸው ነበር። ሰጪው ነው የሚያመሰግነው፣ ገባችሁ?

ጅሬን በር | ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 1፡10

አባ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት። ግን ይህ ያሉት ሐቅ ዘካ ነው፤ ዘካ ደግሞ ዒባዳ፣ አምልኮ ነው። ከፈረንጅ ድግስ፣ ከኢሬቻ፣ ከሌላውም ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ መክተቱ ልክ አልመሰለኝም። ሁሉም «ምስጋና» ነው ከተባለ ነገሩ ይደባለቃል። እኔ ኢሬቻ አልሄድም፤ የሚሄዱትን ግን አከብራለሁ።

የጎማው አዛውንት | ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 1፡45

ልጄ፣ መለየቱ ይገባል። እኔም አላደባለቅኩም። የኔ የኔ ነው፣ የሲንቄም የሷ ነው። ሕፃኑ የጠየቀው ግን «መከሩ ሲያልቅ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ነው። እኔ የማደርገውን ነገርኩት። ሌላውም የራሱን ይንገረው።

ሲንቄ | ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 1፡58

ጅሬን በር፣ ወንድሜ፣ ቅር አላለኝም። እኔ ቤት ውስጥ እናቴ ትሄዳለች፣ አጎቴ አይሄድም። መንገድ ላይ የምንበላውን ጩኮ የሚያስዘጋጅልን ግን እሱ ነው። አባ፣ ገለቶማ። የአውድማው ነገር ልቤን ነካው።

የሚካኤል ሰፈር | ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 3፡30

እኔም የራሴን ልንገር። በእኛ በኦርቶዶክሶቹ ዘንድ አሥራት በኩራት ይባላል። አሥራት ከአሥር አንዱ ነው፣ በኩራት የመጀመሪያው ፍሬ ነው። ገጠር ላይ እሸቱን ይዘው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶችን አይቻለሁ። ከእሸቱ መጀመሪያ ራስ አይቀምስም።

ግን ላነሣ የፈለግኩት ሌላ ነው። ዘዳግም 26 ላይ ገበሬው የፍሬውን መጀመሪያ በዕቃ አድርጎ ለካህኑ ሲሰጥ ምን እያለ እንደሚሰጥ ተጽፏል። «ጎበዝ ነኝ፣ አመረትኩ» አይልም። አባቱ ተንከራታች እንደነበር፣ ወደ ግብፅ ወርዶ በእንግድነት እንደተቀመጠ፣ እንደተጨነቁና እንደጮኹ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው ደስ ይበልህ የሚባለው። ብቻውንም አይደለም፤ አንተም ሌዋዊውም በመካከልህ ያለው መጻተኛም ይላል። መጻተኛ ማለት ከሌላ አገር የመጣው ሰው ነው።

ቃርሚያም አለ። ዘዳግም 24 ላይ ነዶ ማሳ ላይ ከረሳህ አትመለስለት ይላል። ወይንህንም ከለቀምክ በኋላ ቃርሚያውን አትመለስበት። ለመጻተኛ፣ ለወላጅ አልባና ለመበለት ይሁን ነው የሚለው። ሩትም የኖረችው በቃርሚያ ነው። የማና ልጅ፣ ልጅ ሆነን ለቀማው ካለቀ በኋላ ቡና ሥር ገብተን የወደቀውን እንለቅም አልነበር? ባለቤቶቹ አይከለክሉንም ነበር። እኔ የመጀመሪያ ደብተሬን የገዛሁት በዚያ ቡና ነው። አሁን አሁን ግን ማሳው ሁሉ ይታጠራል፤ ዘበኛም ይቆምበታል።

ዳውሮ | ኅዳር 16፣ ከቀኑ 7፡00

አንብቤ አንብቤ መጻፍ ፈራሁ። ግን መጻተኛ የሚለውን ሳይ ልጻፍ አልኩ።

እኔ መጻተኛው ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ከዳውሮ ወደዚህ ዞን ለለቀማ መጣሁ። ከሰፈሬ ልጆች ጋር አሥራ አንድ ነበርን። ከከምባታ፣ ከወላይታ፣ ከየም የመጡም ነበሩ። የምንተኛው በጆንያ በተከለለ ዳስ ውስጥ ነው። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ማሳ እንገባለን። ቅርንጫፉን በአንድ እጅ ጎንበስ አድርገህ በሌላው እጅ ቀዩን ብቻ ትለቅማለህ። አረንጓዴ ከገባበት ሚዛን ላይ ይጣላል። ጤዛው በክንድህ ወርዶ እስከ ብብትህ ይደርሳል። ብርዱን አልረሳውም።

ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ ቡና ደርቆና ተፈልፍሎ አንድ ኪሎ ገደማ ንጹህ ቡና ነው የሚወጣው። አንድ ኪሎ ቡና ስትገዙ ስድስት ኪሎ የለቀመ ጣት አለበት።

የመጨረሻው ቀን ላይ ባለማሳው ሒሳባችንን ግማሹን ሰጠን። ግማሹን ቡናው ሲሸጥ አለ። ስሙን አልጠራም። «ጨርሳችኋል፣ ሂዱ» ብቻ ነው ያለን። ግማሹ ገንዘብ እስከ ዛሬ አልመጣም።

መናኸሪያ ለመድረስ በእግር ስንሄድ አንዲት እናት ከደጃፋቸው ላይ አዩን። ዕቃችንን አይተው ለቃሚ መሆናችንን አወቁ። «ቡና ሳትጠጡ የት ነው የምትሄዱት?» አሉን። አሥራ አንዳችንንም አስገቡን። በቆሎ ቆልተው፣ ቡና አፍልተው አጠጡን። አርባ ቀን ሙሉ ቡና ስለቅም ከዚያ አገር ቡና አንድ ስኒ የቀመስኩት ያን ቀን ነው። መረቁን። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ እሱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ጅማ ነው የምኖረው፣ የራሴ ሥራ አለኝ። የማና ልጅ፣ የአኮሽ ስኒ ለጎረቤት ይሄድ ነበር አልሽ። ለለቃሚዎቹስ ይደርስ ነበር?

የማና ልጅ | ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 2፡00

ወንድሜ ዳውሮ፣ መልስህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እውነቱን ልንገርህ። በአኮ ጊዜ የውጭ ለቃሚ አልነበረም። በዳዶ ነበር የሚለቀመው፤ ጎረቤት ለጎረቤት በተራ። ስለዚህ ስኒው ወደ ጎረቤት ሲሄድ ወደ ለቃሚው መሄዱ ነበር። አሁን ጎረቤቱ የራሱ ሥራ ላይ ነው፤ እኛም ሰው እንቀጥራለን። ስኒው ግን አብሮ አልተዛወረም። ይህን አሁን ነው የማየው።

ዘንድሮ እኛ ጋ ሰባት ለቃሚዎች አሉ። አራቱ ሴቶች ናቸው። ዛሬ ማሳ ላይ ስማቸውን ጠየቅኩ። ሦስት ሳምንት አብረን ስንውል የማውቀው የሁለቱን ብቻ ነበር።

ወንድሜን አነጋግሬዋለሁ። ሒሳቡ በመጨረሻው ቀን፣ እዚያው ሚዛኑ ሥር፣ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። አባ እንዳሉት ነው፤ ጎተራ ከገባ እጅ ይይዛል። ቃርሚያው ለሰፈሩ ልጆች ክፍት ይሆናል። የመጀመሪያዋን ቅርጫት ደግሞ እናቴ ሳልነግራት ለይታ ማድረቂያው አልጋ ጥግ ላይ አስጥታታለች። ለካ በየዓመቱ ታደርገው ነበር። ቡና ቀላውን የሚሠራ ስለጠፋ መጨረሻ ላይ ከሌላው ጋር ትቀላቅለዋለች።

የጎማው አዛውንት | ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 3፡10

ልጄ፣ ጀንፈሉ በደንብ ሳይደርቅ እንዳትሠሪው። በእጅሽ ስትወዘውዢው ፍሬው ውስጡ መንኳኳት አለበት። ቅቤውም የበሰለ ይሁን።

በረዶ አገር | ኅዳር 17፣ ከንጋቱ 11፡50

ሐሙስ ጠረጴዛው ላይ ይህን ሁሉ ለልጆቼ አነበብኩላቸው። ባልደረባዬንም ጠርቻት መጥታ ነበር። ስለ ቦሎቄውና ስለ ዱባው ስነግራት እጄን ያዘችው።

የማና ልጅ | ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 1፡30

ቃል ስለገባሁ ተመልሼ መጣሁ።

ለቀማው ትናንት አለቀ። ሒሳቡ ሚዛኑ ሥር ተከፈለ። ከዚያ ሁላችንም እናቴ ቤት ገባን። ጀንፈሉ ይንኳኳል፤ አባ እንዳሉት ደጋግሜ ወዝውዤ አረጋግጫለሁ። ጫፉን እየነከስን ስንጨምር እጃችን በዛ፤ ለቃሚዎቹም ከበው ተቀመጡ። የመረቀችው እናቴ ናት። አኮ የምትለውን ሁሉ አላስታወሰችውም። የጎደለውን ከለቃሚዎቹ መካከል ትልቋ ሴት፣ ከዳውሮ የመጡት፣ በራሳቸው ቋንቋ ሞሉት። ቃሉን አልሰማነውም፤ አሜን ግን አልን።

የእህቴ ልጅ በቪዲዮ ደውሎ ያይ ነበር። ቅቤው ጧ ሲል «ምንድን ነው የፈነዳው?» አለ። ስልኩን ለእኚያ እናት ሰጠኋቸው። ጣታቸውን ወደ ካሜራው አስጠግተው አሳዩት። የቡናው ጥቁረት ጥፍራቸው ሥር አለ። «ይህ ይለቃል ወይ?» አላቸው። «እስከ ፋሲካ ይለቃል» አሉት። ከዚያ ስሙን ጠየቁት፣ ስማቸውን ነገሩት። ሁለት ጊዜ አስደገሙት፣ በትክክል እስኪለው።